ስም ተከራይቶ መነገድ፦ በፍራንቻይዝ ውል ውስጥ የአቅራቢ ግዴታና ዋጋው

ከጥናት ክበባችን አባላት አንዱ በቅርቡ አንድ ወፍራም ሰነድ ይዞ ወደ ስብሰባችን መጣ። ሰነዱን የላከለት አሜሪካን አገር የሚኖረው ታላቅ ወንድሙ ነው። ወንድምየው ለብዙ ዓመታት ታክሲ ነድቶ ያጠራቀመውን፣ ባለቤቱ ከዕቁብ ያወጣችውንና ከዘመድ የተበደሩትን ገንዘብ አንድ ላይ አድርገው፣ የታወቀ ስም ያለው የምግብ ሱቅ ለመክፈት አስበዋል። ከሰነዱ ጋር የላከው መልእክት አጭር ነበር፦ «እናንተ የተማራችሁ ናችሁ፤ አንብቡትና ንገሩኝ። ከሽያጩ የሚወስዱት ስድስት በመቶ ነው አሉኝ። ስድስት በመቶ ደግሞ ብዙ አይመስለኝም።»

ሰነዱን ተካፍለን ሦስት ምሽት አነበብነው፤ ተወያየንበትም። የደረስንበት መደምደሚያ ባጭሩ ይህ ነው፦ ስድስት በመቶ የተባለው ውሸት አይደለም፤ ነገር ግን የስሙ ሙሉ ዋጋ አይደለም። ቀሪው ዋጋ የተቀመጠው ብዙ ሰው ዘሎት በሚያልፈው፣ ዕቃ ከማን መገዛት እንዳለበት በሚደነግገው አንቀጽ ውስጥ ነው። ይህን አንቀጽ ሳያነብ የፈረመ ሰው ውሉን አንብቧል ለማለት አይቻልም።

ጉዳዩ የአንድ ቤተሰብ ብቻ ስላልሆነ ጥናታችንን ለአባሎቻችን በሙሉ ለማካፈል ወስነናል። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሀ. ፍራንቻይዝ ማለት ምን ማለት ነው?

ፍራንቻይዝ አንድ ኩባንያ ስሙን፣ የንግድ ምልክቱንና የአሠራር ዘዴውን ሌላ ነጋዴ በራሱ ገንዘብ በሚከፍተው ሱቅ እንዲጠቀምበት በውል የሚፈቅድበት የንግድ ዓይነት ነው። ነገሩ እንዲቀል በዚህ ጽሑፍ የስሙን ባለቤት «ባለስሙ»፣ ስሙን ተከራይቶ የሚነግደውን ደግሞ «ባለሱቁ» እንላቸዋለን።

ባለስሙ ከባለሱቁ ገንዘብ የሚያገኝባቸው ዋና ዋና መንገዶች አራት ናቸው።

1ኛ. የመግቢያ ክፍያ። ይህ በፊርማ ጊዜ አንዴ የሚከፈል ነው።

2ኛ. ሮያሊቲ። ይህ ከሽያጩ በመቶኛ እየታሰበ በየሳምንቱ ወይም በየወሩ የሚከፈል ነው። ልብ ልንል የሚገባን፣ የሚታሰበው ከሽያጭ ላይ እንጂ ከትርፍ ላይ አለመሆኑን ነው። ባለሱቁ ቢከስርም ሮያሊቲው ይከፈላል።

3ኛ. የማስታወቂያ መዋጮ። ይህም አብዛኛውን ጊዜ ከሽያጭ በመቶኛ ይታሰባል።

4ኛ. ባለሱቁ እንዲገዛ ከሚገደደው ዕቃ ላይ የሚገኝ ጥቅም።

የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ቁጥር አላቸው። ሰው ከሰው ጋር ሲመካከር፣ የአንዱን ኩባንያ ውል ከሌላው ጋር ሲያወዳድር የሚጠቅሰው እነዚህን ነው። አራተኛው ግን በውሉ ውስጥ ብዙ ጊዜ ቁጥር የለውም። በዱቄቱ፣ በዘይቱ፣ በኩባያው፣ በማሸጊያ ካርቶኑ ዋጋ ውስጥ ተጨምሮ ይመጣል።

ለ. የግዴታው ሦስት መልኮች

ዕቃ ከማን እንደሚገዛ የሚወስኑ አንቀጾች ቃላቸው ቢለያይም በሦስት ሊመደቡ ይችላሉ።

የመጀመሪያው መለኪያ ብቻ የሚያወጣ ነው። ባለስሙ «ድንቹ ይህን ያህል ርዝመት፣ ወረቀቱ ይህን ያህል ውፍረት ይኑረው» ብሎ ይወስናል፤ ባለሱቁ መለኪያውን የሚያሟላ ዕቃ ከፈለገው ነጋዴ ይገዛል። ከሦስቱ ቀላሉ ግዴታ ይህ ነው።

ሁለተኛው የጸደቁ አቅራቢዎች ዝርዝር ነው። ባለሱቁ መግዛት የሚችለው በዝርዝሩ ላይ ከሰፈሩት ብቻ ነው። ሌላ አቅራቢ ቢያገኝ እንዲጸድቅለት ማመልከት ይችል ይሆናል፤ ነገር ግን የምርመራውን ወጪ የሚከፍለው ማን ነው? መልሱስ በስንት ቀን ይሰጣል? መልስ ካልተሰጠ እንደ እሺታ ነው ወይስ እንደ እምቢታ የሚቆጠረው? ዝርዝሩ ክፍት ይሁን ዝግ የሚታወቀው በእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ነው።

ሦስተኛው አንድ አቅራቢ ብቻ የሚፈቅድ ነው። ያ አቅራቢ ባለስሙ ራሱ ወይም የእርሱ እኅት ኩባንያ ሊሆን ይችላል። እዚህ ላይ ባለሱቁ ገበያ የለውም፤ የተነገረውን ዋጋ ይከፍላል።

አንድ ውል ሦስቱንም ዓይነት ሊይዝ ይችላል። ለጨው መለኪያ ብቻ፣ ለሥጋ ዝርዝር፣ ለቅመምና ለሒሳብ መመዝገቢያ ማሽን ደግሞ አንድ አቅራቢ ይወሰናል። ስለዚህ ዕቃዎቹን አንድ በአንድ መለየት ያስፈልጋል።

ሐ. የባለስሙ ምክንያትና የምክንያቱ ወሰን

የአቅራቢ ግዴታ ሁሉ ተንኮል ነው ማለት አይደለም። ሁለት በቂ ምክንያቶች አሉት። አንደኛው የጥራት ጉዳይ ነው። በአንዱ ሱቅ የተሸጠ የተበላሸ ዶሮ የሁሉንም ሱቆች ስም ያጎድፋል፤ በዚህ የሚጎዳው ባለስሙ ብቻ ሳይሆን ጥፋት የሌለበት ሌላው ባለሱቅም ነው። ሁለተኛው የጅምላ ግዢ ነው። አንድ ሺህ ሱቅ አንድ ላይ ሲገዛ አንድ ሱቅ ብቻውን የማያገኘው ቅናሽ ይገኛል።

ጥያቄው እንግዲህ «ቅናሹ ማን ኪስ ይገባል?» የሚለው ነው። አቅራቢው ከሚሸጠው ዕቃ ላይ ለባለስሙ ተመላሽ ገንዘብ የሚከፍልበት አሠራር የተለመደ ነው። ባለስሙ ይህን ገንዘብ ለጋራ ማስታወቂያ ሊያውለው ወይም ለራሱ ሊያስቀረው ይችላል፤ የሚወስነው ውሉ ነው። ተመላሹ በባለስሙ ዘንድ የሚቀር ከሆነ፣ አቅራቢ የሚመርጠው ሰው በአቅራቢው ዋጋ መወደድ የማይጎዳ ሰው ሆነ ማለት ነው።

ባለሱቆች ይህን ለማስተካከል ያገኙት አንድ መንገድ የግዢ ኅብረት ሥራ ማኅበር ነው። በአሜሪካን አገር የበርገር ኪንግ የግዢ ማኅበር በ1991፣ የሰብዌይ ባለሱቆች የግዢ ማኅበር ደግሞ በ1996 ተቋቁመዋል። የጅምላ ግዢው ጥቅም ሳይቀር፣ ስለ ዋጋ የሚደራደረው አካል ዋጋውን ለሚከፍሉት ሰዎች የቀረበ ይሆናል። አንድ ሰው የሚገባበት ንግድ እንዲህ ያለ ማኅበር እንዳለው ማወቁ ትልቅ ነገር ነው።

መ. የቺክን ዴላይት ጉዳይ

የዕቃ ዋጋ እንዴት የስም ዋጋ ሊሆን እንደሚችል ከሚያሳዩት ጉዳዮች ሁሉ ግልጹ፣ በ1971 በአሜሪካ የዘጠነኛው ወረዳ ፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት የተወሰነው የቺክን ዴላይት ጉዳይ ነው።

ቺክን ዴላይት የተጠበሰ ዶሮ ቤት ለቤት የሚያደርሱና እዚያው የሚሸጡ ሱቆች ስም ነበር። በአሥራ ስምንት ዓመት ውስጥ በመቶዎች ለሚቆጠሩ ባለሱቆች ስሙን አከራይቷል። የሚያስደንቀው የመግቢያ ክፍያም ሮያሊቲም አለመጠየቁ ነው። በዚህ ፈንታ ባለሱቆቹ የተወሰነ ቁጥር ያላቸው ማብሰያዎችና መጥበሻዎች እንዲገዙ፣ የዱቄት ድብልቁንና ማሸጊያውን ደግሞ ከቺክን ዴላይት ብቻ እንዲገዙ ግዴታ ነበረባቸው። ዋጋው ሌሎች ነጋዴዎች ከሚሸጡበት ከፍ ያለ ነበር። ባለሱቁ ለስሙ «ምንም አልከፈለም»፤ ነገር ግን በእያንዳንዱ ካርቶን ላይ ይከፍል ነበር።

ባለሱቆቹ በጸረ ሞኖፖል ሕግ መሠረት ከሰሱ። ኩባንያው ግዴታው ጥራት ለመጠበቅ ነው ሲል ተከራከረ። ፍርድ ቤቱ ግን ስሙ አንድ ነገር፣ ማሸጊያውና ዱቄቱ ሌላ ነገር መሆናቸውን፣ ጥራትንም መለኪያ በማውጣት መጠበቅ እንደሚቻል ገልጾ፣ አንዱን ከሌላው ጋር አስሮ መሸጡ ሕገ ወጥ ነው አለ። ይሁን እንጂ ስለ ካሣው ሲወስን ጉዳዩን ወደ ታችኛው ፍርድ ቤት መለሰው፤ ምክንያቱም ባለሱቆቹ በነፃ ያገኙት ስም ራሱ ዋጋ ስላለው በሒሳቡ ውስጥ መግባት አለበት የሚል ነበር። ፍርድ ቤቱ በዚህ አነጋገሩ እኛ ልናስተውለው የሚገባንን ነገር አረጋገጠ፦ በዕቃው ላይ የተጨመረው ዋጋ የስሙ ኪራይ ነበር።

ሠ. በቁጥር ስናየው

ነገሩን ለመረዳት አንድ ሒሳብ እንሥራ። ቁጥሮቹ ለማስረዳት ብቻ የተወሰዱ ናቸው።

አንድ ሱቅ በወር 50,000 ዶላር ይሸጣል እንበል። ሮያሊቲው 6 በመቶ፣ ማለትም 3,000 ዶላር ነው። የማስታወቂያ መዋጮው 4 በመቶ፣ ማለትም 2,000 ዶላር ነው። ዕቃው በገበያ ዋጋ ቢገዛ 15,000፣ የቤት ኪራይ 8,000፣ ደመወዝ 14,000፣ ልዩ ልዩ ወጪ 2,200 ዶላር ይሁን። ድምሩ 44,200 ዶላር ስለሆነ ለባለሱቁ 5,800 ዶላር ይተርፈዋል።

አሁን ደግሞ ባለሱቁ እንዲገዛ የተገደደበት አቅራቢ ዋጋ ከገበያው በ12 በመቶ የሚበልጥ ይሁን። ከ15,000 ዶላር ላይ 12 በመቶ 1,800 ዶላር ነው። ትርፉ ከ5,800 ወደ 4,000 ዶላር ወረደ፤ ከትርፉ ወደ አንድ ሦስተኛ የሚጠጋው ሄደ ማለት ነው። 1,800 ዶላር ከሽያጩ 3.6 በመቶ ስለሚሆን፣ ስድስት በመቶ የተባለው የስም ዋጋ በእውነቱ 9.6 በመቶ ሆኗል። ውሉ የአሥር ዓመት ከሆነና ሁኔታው ካልተለወጠ ልዩነቱ 216,000 ዶላር ይደርሳል።

የተጨመረው ዋጋ ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል። የሚጎዳው ግን ከሽያጩ ሳይሆን ኪራይም ደመወዝም ሮያሊቲም ከተከፈለ በኋላ ከምትተርፈው ቀጭን ትርፍ ላይ ስለሚነሳ ነው። ያቺ ትርፍ ደግሞ የቤተሰቡ እንጀራና የዘመድ ዕዳ መክፈያ ናት።

ከዋጋው ሌላ የሚረሱ ወጪዎችም አሉ፦ የማጓጓዣ ክፍያ፣ ትንሹ የትእዛዝ መጠን፣ ሳይሸጥ የሚበላሽ ዕቃ፣ በየጥቂት ዓመቱ የሚታዘዝ የሱቅ ዕድሳትና የመሣሪያ ለውጥ። ትንሹ የትእዛዝ መጠን በተለይ አደገኛ ነው፤ ገበያ ሲቀዘቅዝ ሮያሊቲው ከሽያጩ ጋር አብሮ ይቀንሳል፣ የግዢ ግዴታው ግን አይቀንስም።

አገር ቤት ገብተን እንነግዳለን ለምንል ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ፤ እርሱም የውጭ ምንዛሪ ነው። ፒዛ ሃት በ2018 አዲስ አበባ ላይ ሥራ ከጀመረ ወዲህ የፍራንቻይዝ ነገር ለአገራችን የሩቅ ወሬ አይደለም። የብር ምንዛሪ በሐምሌ ወር 2024 በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ዕቃውን ከውጭ አቅራቢ ብቻ በዶላር እንዲገዛ የተገደደ ነጋዴ፣ ውሉ ላይ አንዲት ፊደል ሳትለወጥ ወጪው እጥፍ ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ የአገር ውስጥ ምርት መተካት ይፈቀዳል ወይ የሚለው ጥያቄ ከሮያሊቲው መቶኛ የማያንስ ክብደት አለው።

ረ. ከ1971 ወዲህ ፍርድ ቤቶች ምን አሉ?

ከቺክን ዴላይት ውሳኔ በኋላ ብዙ ሰው ሕግ ለባለሱቁ ቆሟል ብሎ ነበር። ነገሩ ግን በዚያው አልቆመም።

በ1982 ያው የዘጠነኛው ወረዳ ፍርድ ቤት በባስኪን ሮቢንስ ጉዳይ ሌላ ውሳኔ ሰጠ። አይስክሬሙ ራሱ የስሙ ትርጉም ስለሆነ፣ ስሙንና አይስክሬሙን ሁለት የተለያዩ ዕቃዎች አድርጎ ማየት አይቻልም አለ። እዚህ ላይ አንድ ጠቃሚ መለያ እናገኛለን፦ ገዢው በስሙ ምክንያት የሚፈልገው ዕቃ አንድ ነው፤ ያ ዕቃ የሚጠቀለልበት ወረቀት ሌላ ነው።

በአውሮፓም የማኅበረሰቡ ፍርድ ቤት በ1986 በፕሮኑፕሲያ ጉዳይ ተመሳሳይ ሐሳብ ገልጿል። ጉዳዩ ሐምቡርግ ላይ የሙሽራ ልብስ ስለሚሸጥ ሱቅ ነበር፤ ባለሱቋ ልብሱንና ጌጣጌጡን 80 በመቶ ከባለስሙ እንድትገዛ ውሉ ያስገድድ ነበር። ፍርድ ቤቱ የጥራት መለኪያ በቃል ማውጣት በማይቻልበት ጊዜ የአቅራቢ ግዴታ ሊፈቀድ ይችላል አለ፤ ነገር ግን ባለሱቁ ዕቃውን ከሌሎች የዚያው ስም ባለሱቆች እንዳይገዛ መከልከል የለበትም ሲል ወሰነ።

ከሁሉም በላይ ልናጤነው የሚገባን በ1997 በሦስተኛው ወረዳ ፍርድ ቤት የተወሰነው የዶሚኖስ ፒዛ ጉዳይ ነው። ከውሳኔው እንደምንረዳው ባለሱቆቹ ይጠቀሙበት ከነበረው 500 ሚሊዮን ዶላር የሚያወጣ ዕቃ 90 በመቶ ያህሉን የሚሸጥላቸው ኩባንያው ራሱ ነበር። ውሉም ዕቃ ከእርሱ ወይም እርሱ ካጸደቃቸው ብቻ እንዲገዛ የማዘዝ ሥልጣን ይሰጠው ነበር። ባለሱቆቹ በጸረ ሞኖፖል ሕግ ሲከሱ ፍርድ ቤቱ አልተቀበላቸውም። ከመፈረማቸው በፊት ሌላ ፍራንቻይዝ የመምረጥ ነፃነት ነበራቸው፤ ግዴታውም በውሉ ላይ ተጽፎ ነበር፤ አሁን የያዛቸው የገበያ ሞኖፖል ሳይሆን የራሳቸው ውል ነው፤ ቅሬታ ካላቸውም በውል ሕግ ይጠይቁ የሚል ነበር መልሱ።

ሁለቱን ውሳኔዎች አጠገብ ለአጠገብ ስናስቀምጣቸው ትምህርቱ ግልጽ ይሆናል። ባለሱቁ ነፃ የሚሆነው ከፊርማው በፊት ባለው ጊዜ ነው። በዚያ ጊዜ ያልጠየቀውን፣ በኋላ ፍርድ ቤት ይጠይቅልኛል ብሎ ተስፋ ማድረግ የለበትም። አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ እንደሚባለው ነው።

ሰ. ከፊርማ በፊት ምን ይደረግ?

በአሜሪካን አገር በ1979 ሥራ ላይ የዋለውና በ2007 የተሻሻለው የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ደንብ፣ ባለስሙ ሃያ ሦስት ክፍሎች ያሉት የመግለጫ ሰነድ ውል ከመፈረሙ ወይም ገንዘብ ከመከፈሉ ቢያንስ 14 ቀን አስቀድሞ እንዲሰጥ ያስገድዳል። በሳውዲ ዓረቢያም በ2019 ወጥቶ በ2020 ሥራ ላይ የዋለው የፍራንቻይዝ ሕግ ተመሳሳይ የ14 ቀን ጊዜ ይሰጣል።

በአሜሪካው ሰነድ አምስተኛው ክፍል የመግቢያ ክፍያን፣ ስድስተኛው ሌሎች ክፍያዎችን፣ ሰባተኛው ሱቁን ለመክፈት የሚያስፈልገውን ገንዘብ ግምት ይዘረዝራሉ። የእኛን ጉዳይ የያዘው ስምንተኛው ክፍል ነው። ባለስሙ ከግዴታ ግዢዎች ባለፈው ዓመት ምን ያህል ገቢ እንዳገኘ፣ የግዴታ ግዢ ከባለሱቁ ጠቅላላ ግዢ ስንት እጅ እንደሚሆን፣ አቅራቢዎች ተመላሽ ይከፍሉት እንደሆነ፣ ከሹማምንቱ አንዱ በአቅራቢው ኩባንያ ውስጥ ድርሻ እንዳለው እዚህ ላይ መጻፍ አለበት። ሃያኛው ክፍል ደግሞ የአሁን ባለሱቆችንና በቅርቡ የለቀቁትን አድራሻ ይሰጣል። ይሁንና አንድ ነገር አንርሳ፤ ኮሚሽኑ ሰነዱን መርምሮ «ይህ ውል ጥሩ ነው» ብሎ አያጸድቅም። አንባቢው ፈራሚው ራሱ ነው።

ሰነድ የደረሰው ሰው ቢያንስ የሚከተሉትን ይጠይቅ፦

1. ከምገዛው ዕቃ ስንት እጁ ግዴታ ነው? የትኛውስ ዕቃ?

2. አቅራቢው ማን ነው? ከባለስሙ ጋር ምን ዝምድና አለው?

3. ተመላሽ ገንዘብ አለ ወይ? ለማን፣ ለምን ይውላል?

4. ዋጋ የሚወሰነው እንዴት ነው? ሲጨመር ስንት ቀን አስቀድሞ ይነገረኛል? ጣሪያ አለው ወይ?

5. ሌላ አቅራቢ ለማስጸደቅ ምን ይከፈላል? መልሱ በስንት ቀን ይመጣል?

6. ዕቃው ቢዘገይ ወይም ቢጠፋ ከሌላ ቦታ መግዛት እችላለሁ?

7. ትንሹ የግዢ መጠን ስንት ነው? ሽያጭ ሲቀንስ ይቀንሳል ወይ?

8. ውሉ ሲያልቅ በእጄ የቀረውን ዕቃ ማን ይረከበኛል? በስንት ዋጋ?

9. ለአቅራቢው ዕዳ ብዘገይ ፍራንቻይዙም ይሰረዛል ወይ? በግል ንብረቴስ ዋስ ሆኛለሁ ወይ?

እነዚህን ጠይቆ ሲያበቃ ሁለት ሥራ ይቀረዋል። አንደኛው የዋና ዋናዎቹን ዕቃዎች ዋጋ ይዞ ወደ ጅምላ ሻጭ ሄዶ ማወዳደር ነው። ሁለተኛው ከሃያኛው ክፍል ዝርዝር ለባለሱቆች ስልክ መደወል ነው፤ በተለይ ለለቀቁት። ከዚያ በኋላ በፍራንቻይዝ ውል የሚሠራ ጠበቃ ያንብብለት። የጠበቃው ክፍያ ከሌላው ወጪ ሁሉ ያነሰ ነው። የቃል ተስፋ ግን ከውሉ ውስጥ ካልገባ እንደሌለ ይቆጠር።

መደምደሚያ

ለአባላችን ወንድም የላክንለት መልስ «ተው» የሚል አልነበረም። የታወቀ ስም ይዞ መነገድ ብዙ ሰዎችን ጠቅሟል፤ እኛም ተማሪዎች እንጂ ነጋዴዎች አይደለንም። የላክንለት ከላይ ያሉትን ዘጠኝ ጥያቄዎችና በስምንተኛው ክፍል ላይ ያሰመርንባቸውን ሦስት መስመሮች ነው።

እርሱም ለሦስት ባለሱቆች ደወለ። ከመካከላቸው አንዲት ከሁለት ዓመት በፊት የለቀቁ ሴት፣ «ሮያሊቲው አላስቸገረኝም፤ ያስቸገረኝ የሐሙስ ዕለቱ የዕቃ መኪና ነው» ብለውታል። ይህን ከነገረን በኋላ የዕቃዎቹን ዋጋ ለማወዳደር ወደ ጅምላ ገበያ ሄዷል። እስካሁን አልፈረመም፤ ከአሥራ አራቱም ቀን ገና አምስት ቀርቶታል።

እንዲህ ያለ ሰነድ የደረሰው፣ ወይም ዘመዱ ሊፈርም የተዘጋጀ አባል ቢኖር ወደ ጥናት ክበባችን ይምጣ፤ አብረን እናነባለን።